ዘጠኝ ነጥብ፣ ሁለት አሰልጣኝ

መጋቢት 2015 ዓ.ም. ለአንድ ጉዳይ ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርጄ ዛሪማ ሰንብቼ ነበር። ዋልያዎቹ ጊኒን የሚገጥሙበት ዕለት ሆነና የሰፈሩ ወጣት ሁሉ አንዲት ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ታጭቆ፣ በቆላው ሙቀት ላቡን እየጠረገ ይጠባበቃል። ስክሪኑ ላይ የኢትዮጵያ ስም ከፊት ተጽፏል። ባለሜዳዎቹ እኛ ነን ማለት ነው። ከጎኔ የተቀመጠ ጎረምሳ «ጋሼ፣ ይህ ስታዲየም የት ነው?» አለኝ። ሞሮኮ እንደሆነ ነገርሁት። «ታዲያ ሜዳው የማን ነው?» አለ ቀጥሎ። «የእኛ» አልሁት። ያላገጥሁበት መስሎት ፊቱን አዞረ። ጨዋታው 3 ለ 2 በሆነ ሽንፈት ሲያልቅ ግን ያ ቤት በአንድ አፍ የሚናገረው ስለ ሜዳው አልነበረም። ጥፋተኛው ተለይቷል፤ መስመሩ ላይ እጁን አጣጥፎ የቆመው አሰልጣኝ ውበቱ አባተ ነው። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አሰልጣኙና ፌዴሬሽኑ በስምምነት መለያየታቸው ተነገረ፤ ዛሪማም፣ ደባርቅም፣ አዲስ አበባም ጸጥ አለ።

የብሔራዊ ቡድናችን ደጋፊ ቁጣ አብዝቷል፣ አሰልጣኝ አላስቀምጥ ብሏል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ በዝቷል አልልም። እንዲያውም አንሷል። ሦስት ቀን ተቆጥቶ አንድ ስንብት ሲሰጠው የሚበርድ ቁጣ ምን ቁጣ ነው? ችግሩ ያለው ከመጠኑ ይልቅ ባረፈበት ቦታ ላይ ነው። ሁልጊዜ የምንጨቃጨቀው «ማን ያሰልጥን?» እያልን ነው፤ የሀገር ልጅ ይሁን የውጭ ዜጋ፣ ኳስ መሥርቶ የሚጫወት ይሁን ረጅም ኳስ የሚልክ። ከዚያ በፊት መነሣት የነበረበት ጥያቄ የጎረምሳው ነው። እኔ ነገሩን አገላብጬ የደረስሁበት ሐሳብ ደግሞ ብዙዎችን ደስ አያሰኝም፦ ሜዳ ያጣ ቡድን አሰልጣኝ የመቀየር አቅም የለውም።

ስንብት እንደ ቀብድ

ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ኢትዮጵያ በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ከተጫወተች በኋላ 31 ዓመት ሙሉ የአፍሪካ ዋንጫን በቴሌቪዥን ስትመለከት ኖራለች። ያን ድርቅ የሰበሩት አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ናቸው። ጥር 2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶብን እንኳ ከወቅቱ ሻምፒዮን ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣን፤ ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። እኒሁ ሰው ቡድኑን እስከ ብራዚሉ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻ ደረጃ አድርሰውት ኅዳር 2006 በናይጄሪያ ተገቱ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በቻን ውድድር ሦስት ጨዋታ ያለ ጎል ተሸንፈው ሲመለሱ ተሰናበቱ። ልብ በሉ፤ የዓለም ዋንጫ በር ላይ ከደረሰ ሰው ጋር ለመለያየት የበቃው ምክንያት በሀገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች ብቻ የሚካሄድ ውድድር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፣ ባማኮ ላይ ማሊን 3 ለ 2 አሸነፉ፣ ከምድባቸው መጨረሻ ሆነው ጨረሱ፣ በዓመቱ ሄዱ። ዮሐንስ ሣህሌ መጡ፣ ሄዱ። ገብረመድህን ኃይሌ የቀሩትን ሁለት የማጣሪያ ጨዋታዎች ተረክበው ሁለቱንም አሸነፉ፤ ቢሆንም አልቀጠሉም። አሸናፊ በቀለ መጡ፤ ኩማሲ ላይ ጋና 5 ለ 0 ተቀበለቻቸው። አብርሃም መብራቱ ተከተሉ፣ ውላቸው ሳይታደስ ቀረ። ውበቱ አባተም ከላይ እንዳልሁት ሄዱ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ «አዲስ አሰልጣኝ» ተብሎ የተሾመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ገብረመድህን ኃይሌ! ሰባት ዓመት ዞረን ዞረን የሸኘነውን ሰው ደጃፍ አንኳኳን። ይህን ስል በሰውየው ላይ ምንም ቅሬታ ኖሮኝ አይደለም። አዲስ መንገድ ላይ ያለን ሲመስለን በአንድ ዛፍ ዙሪያ ስንዞር እንደነበር የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምስክር ስለማላገኝ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ፌዴሬሽኑ ክፉ ስለሆነ ነው የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አይበቃኝም። እጁ ላይ ያለውን እንቁጠርለት። ስታዲየሞቹ በአብዛኛው የክልል መንግሥታትና የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። ሊጉን የሚመራው የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ነው። ተጫዋቹን ከልጅነቱ የሚያሳድገው ክለቡ ነው፤ ክለቡ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት የሚኖር ነው። ፌዴሬሽኑ ብቻውን፣ በአንድ ስብሰባ፣ ማንንም ሳይለምን ሊለውጠው የሚችለው አንድ ነገር ቢኖር የአሰልጣኙ ውል ነው። ስለዚህ ደጋፊ ሲጮህ ያችኑ ያወጣል። ስንብቱ ለደጋፊው የሚሰጥ ቀብድ ነው፤ ቀሪው ሒሳብ ግን በጭራሽ አይከፈልም። ቀብድ ተቀብለን ዕቃውን ሳንጠይቅ የምንሄድ ደንበኞች ሆነናል።

በአራት ቀን ምን ተማረ?

መጋቢት 2008 ዓ.ም. የሆነውን ያስታወሰ ሰው አሰልጣኝ ላይ ብቻ ለመጮህ አፉን ሳይዝ አይቀርም። ዋልያዎቹ አልጄሪያ ሄደው ብሊዳ ከተማ ላይ 7 ለ 1 ተሸነፉ። ሰባት! በዚያ ምሽት «አሰልጣኙ እዚያው ይቅር» ያላለ ሰው ያለ አይመስለኝም። በአራተኛው ቀን ያው አልጄሪያ አዲስ አበባ መጣ፤ ያው አሰልጣኝ ዮሐንስ ሣህሌ ናቸው፤ ቡድኑም ያው ነው። ጨዋታው 3 ለ 3 አለቀ። አሰልጣኙ በአራት ቀን ውስጥ ምን ተማሩ? ምንም ሊማሩ አይችሉም። ተጫዋቾቹም አልተለወጡም። የተለወጠው ቦታው ነው። ከዚያ በፊትም አይተነው ነበር። በ2005ቱ ማጣሪያ ሱዳን ሜዳዋ ላይ 5 ለ 3 አሸንፋን ስታበቃ፣ ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ ባስቆጠሯቸው ጎሎች 2 ለ 0 ረትተን ነው 31 ዓመት የተዘጋውን በር የከፈትነው።

እነዚህ ሁለት አጋጣሚዎች ናቸው የሚል ካለ ወደ ካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ የወሰደንን ማጣሪያ አንድ በአንድ ይቁጠር። ስድስት ጨዋታ ነበር። ማዳጋስካር ሜዳዋ ላይ 1 ለ 0 አሸነፈችን። ባሕር ዳር ላይ እነ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 አሸነፍን። ኒጀር ሜዳዋ ላይ 1 ለ 0 ረታችን፤ እዚህ ስትመጣ 3 ለ 0 ሸኘናት። ማዳጋስካርን ባሕር ዳር ላይ 4 ለ 0። በመጨረሻ አቢጃን ላይ 3 ለ 1 እየተመራን ሳለ ዳኛው ታመው ወድቀው ጨዋታው ተቋረጠ፤ የኒጀርና የማዳጋስካር ጨዋታ ያለ ጎል በመጠናቀቁ አለፍን። ደምሩት። ሀገር ውስጥ ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ድል፣ ዘጠኝ ጎል አግብተን አንድ ተቆጠረብን። ውጭ ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት፣ አንድ አግብተን አምስት ተቆጠረብን። ዘጠኙም ነጥብ የተለቀመው ከገዛ ሜዳችን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች የመሩት አብርሃም መብራቱ፣ የቀሩትን አራት ደግሞ ውበቱ አባተ ናቸው። በመካከል አሰልጣኝ ተቀይሯል፤ ውጤቱ ግን ሜዳውን እንጂ አሰልጣኙን አልተከተለም።

ይህ ለእኛ ለሰሜን ሰዎች ምሥጢር ሊሆን አይገባም። ከዛሪማ ተነሥቶ ሊማሊሞን የወጣ ቆለኛ ደባርቅ ሲደርስ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆም ይላል፤ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። እንግዳ ቡድን ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ እግሩ ሲተሳሰር ስንቴ አይተናል። ቦሊቪያ ይህን ነገር አጥብቃ ነው የያዘችው፤ የማጣሪያ ጨዋታዋን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ኤል አልቶ ወስዳ እ.ኤ.አ. በ2025 ብራዚልን 1 ለ 0 አሸንፋበታለች። እኛስ? ኅዳር 2014 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የባሕር ዳር ስታዲየም መስፈርቱን አያሟላም በማለቱ ጋናን «በሜዳችን» የገጠምነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ከዚያ ሊሎንግዌ፣ ከዚያ የሞሮኮ ከተሞች፣ ከዚያ ዳሬሰላም። ሴራሊዮንን ኤል ጃዲዳ፣ ግብጽን ካዛብላንካ ላይ «አስተናገድን»፤ ሁለቱም የአትላንቲክ ዳርቻ ከተሞች ናቸው። ዋልያ ከእኛ ገደሎች ውጭ በዓለም ላይ የትም የማይኖር እንስሳ ነው፤ ስሙን የተሸከመው ቡድን የባሕር ዳርቻ ነዋሪ መሆኑ ደባርቅ ላይ ለቀልድ ይበቃል።

የማይስማሙኝ ሰዎች

ይህን ሐሳብ ሳነሣ የሚመጣብኝ መልስ ብዙ ነው፤ ሁሉም ውሃ የማይቋጥር አይደለም። አንደኛው «ታዲያ ውጭ ሜዳ ማሸነፍ የማያውቅ አሰልጣኝ ምኑ አሰልጣኝ ነው?» የሚለው ነው። እውነት አለው። ሦስት የውጭ ጨዋታ ላይ አንድ ጎል ማለት ዕቅድ የለም ማለት ነው። ኳስን ከኋላ መሥርቶ የመጫወት ፍልስፍና በውበቱ ጊዜ ለዓይን የሚጥም ቡድን ሰጥቶናል፤ ጫና በዝቶበት ተከላካያችን ሲሳሳት ደግሞ ዋጋ አስከፍሎናል። ኬፕ ቨርዴን በገጠምንበት የካሜሩኑ የመጀመሪያ ጨዋታ የፋሲል ከነማው ያሬድ ባየህ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በቀይ ካርድ ሲወጣ ጎንደር ላይ ስንት ሰው ራሱን እንደያዘ አውቃለሁ። አሰልጣኝ ከትችት ነፃ ይሁን የሚል ሰው እኔ አይደለሁም። ትችት ግን ስንብት አይደለም፤ ልዩነቱን ካጣነው ቆይተናል።

ሁለተኛው መልስ ከበድ ይላል፦ ሊሎንግዌ። ሰኔ 2014 ዓ.ም. ሰው ሀገር ላይ፣ በተውሶ ሜዳ፣ ግብጽን 2 ለ 0 አሸንፈናል፤ ዳዋ ሁቴሳና ሽመልስ በቀለ አስቆጥረው። ኅዳር 2017 ደግሞ ኪንሻሳ ላይ ዲሞክራቲክ ኮንጎን 2 ለ 1 ረትተናል። ሜዳ ሰበብ ነው ማለት ነው? ሊሎንግዌ ላይ የግብጹ ኮከብ ሳላህ አልነበረም፤ ኮንጎም ማለፏን ያረጋገጠችው ቀደም ብሎ ነው። ይህን ማስታወስ ድሉን ማሳነስ አይሆንም፤ ሁለት ብርቅ ምሽቶች የአራት ዓመት ሒሳብ አይሸፍኑም ለማለት ነው። የግብጹን ድል ባየንበት በዚያው ማጣሪያ ጊኒን ሁለት ጊዜ ሞሮኮ ላይ ገጥመን ሁለቱንም ተሸንፈን ነው የወደቅነው።

ሦስተኛዎቹ የውጭ አሰልጣኝ ይምጣ ባዮች ናቸው። ለእነሱ የማነሣው አንድ ስም ብቻ ነው፦ ቶም ሴንትፊት። ቤልጅጋዊው ሰው በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የእኛ አሰልጣኝ ነበሩ፤ በወራት ውስጥ ሄዱ። ከእሳቸው በፊት ኢፊ ኦኑራም ዓመት ሳይሞላቸው ነው የተለዩን። ሴንትፊት እ.ኤ.አ. በ2018 ጋምቢያን ያዙ። ጋምቢያ እስከዚያ ድረስ የአፍሪካ ዋንጫን ረግጣ የማታውቅ ትንሽ ሀገር ነች። በካሜሩኑ ውድድር፣ እኛ በአንድ ነጥብ ከምድብ ስንሰናበት፣ እሳቸው ጋምቢያን ሩብ ፍጻሜ አደረሱ። ቀጥሎ የጋምቢያም ስታዲየም እንደኛው በካፍ ታገደ። የ«ሜዳዋን» ጨዋታዎች ሴኔጋልና ሞሮኮ ላይ ተጫውታ ለሁለተኛ ጊዜ አለፈች።

እዚህ ላይ አንባቢ «ራስህን አፈረስህ» ሊለኝ ይችላል። ሜዳ የሌላት ጋምቢያ ካለፈች ሜዳ ምን አደረገ? እኔም በዚህ ጥያቄ ብዙ ተብሰልስያለሁ፤ ሐሳቤን ያጠራልኝም እሱ ነው። ጋምቢያ ሜዳ ባጣችበት ጊዜ አንድ ነገር ነበራት፤ ለዓመታት አብሯት የቆየ፣ እያንዳንዱን ተጫዋች የሚያውቅ አሰልጣኝ። ሜዳ ቡድንን የሚሸከም ወለል ነው፤ ወለሉ ሲነሣ የሚቀረው ምሰሶ መለማመድ ነው። እኛ ወለሉ ተነሥቶብን ሳለ ምሰሶውን በየሁለት ዓመቱ እንነቅላለን። በፊት አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ ቢያንስ አዲስ አበባ ላይ ሦስት ነጥብ ይጠብቀው ነበር፤ እሱን ይዞ ቡድኑን እስኪያውቅ ይተነፍሳል። በእነዚህ የስደት ዓመታት የመጣው ግን የመጀመሪያ ጨዋታውንም፣ የመጨረሻውንም ያደረገው ውጭ ሀገር ነው። አሰልጣኝ መቀየር ድሮ ውድ ነበር፤ ሜዳ ከጠፋ ወዲህ ዋጋው እጥፍ ሆኗል። የሚገርመው እኛ ርካሹ ነገር እሱ ይመስለናል።

የፋሲል ደጋፊ ወዳጆቼ አንድ ተቃውሞ አላቸው፤ እሱን ሳላነሣ ብቀር ጎንደር መግቢያ አይኖረኝም። «እኛ በ2014 አሰልጣኝ ሥዩም ከበደን በመካከል ለውጠን ምክትላቸው ኃይሉ ነጋሽ ቡድኑን ይዘው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር እስከ መጨረሻው ተፎካክረን የለም ወይ?» ይሉኛል። ትክክል ነው። ነገር ግን የተተካው ማን ነበር? የልምምድ ሜዳው ላይ በየቀኑ የነበረ ሰው። ቤቱን ከሚያውቅ ወደሚያውቅ የተላለፈ ቁልፍ ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ላይ የምናደርገው ግን ቤቱን ከነዕቃው ማስረከብ ነው።

ካሜራው የሚያሳየን

ደጋፊው ለምን አሰልጣኙን ብቻ ያያል? የማያስብ ስለሆነ ነው የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ደጋፊው የሚያየው የሚታየውን ነው። ስታዲየም የገባ ሰው ኳሷ በሌለችበት በኩል የመስመር ተከላካዩ ወደ ቦታው ሳይመለስ ሲቀር፣ አማካዩ ትንፋሽ አጥሮት ጉልበቱን ሲይዝ ያያል። በስክሪን የሚያይ ግን ኳሷን ያያል፤ ኳሷ ስትሳት ደግሞ ካሜራው ዘልሎ የአሰልጣኙን ፊት ያመጣለታል። ሳት፣ ፊት። ሳት፣ ፊት። ዘጠና ደቂቃ እንዲህ ከተመለከተ በኋላ ጥፋተኛው ማን ነው ብለው ቢጠይቁት ሌላ ምን ይበል? ሰውየው መቼም ቡድኑን በዓይኑ አላየውም።

ይህ ነገር ወደ ክለቦችም ገብቷል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ሊጉ ወደ ተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ የሚካሄድበት፣ ጨዋታውም በዲኤስቲቪ የሚተላለፍበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር። አፄዎቹ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ ተጫውተው ሻምፒዮን ሆኑ፤ ጎንደር ላይ ግን አንድም የሊግ ጨዋታ አላደረጉም። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ድሮ ቅዳሜ ማታ በሚኒባስ ወርዶ እሑድ ፋሲልን አይቶ መመለስ የብዙ ወጣት ልማድ ነበር። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ክለቦችን እንደጠቀመ አልክድም፤ ጎልን ከየማዕዘኑ ደጋግሞ ማየትም ጥሩ ነገር ነው። ብቻ ከዚያ ወዲህ በእኛ አካባቢ ስለ ኳስ የሚወራው ወሬ ተለውጧል። በፊት «የግራ መስመራችን ሳስቷል» የሚል ሰው ነበር። አሁን ሁሉም ስለ አሰልጣኝ ነው የሚያወራው።

ቁጣችንን እናብዛው እንጂ አንቀንሰው የምለው ለዚህ ነው፤ ግን አድራሻው ይስተካከል። ካፍ የሚጠይቀው የመልበሻ ክፍል፣ መብራት፣ የተመልካች ወንበር፣ ሣርና የመሳሰለው ነው፤ ተአምር አልጠየቀም። አዲስ አበባ ላይ የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ያ ጅምር ጋናን ጆሃንስበርግ ላይ «ስናስተናግድ» ስድስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። በነዚያ ዓመታት ዮሐንስ ሣህሌን፣ አሸናፊ በቀለንና አብርሃም መብራቱን ሸኝተናል። ስታዲየሙ በተያዘለት ቀን ባለመድረሱ ወንበሩን የለቀቀ ኃላፊ ስም ግን አንድ እንኳ ጥራ ብባል አልችልም። ፌዴሬሽኑ አሰልጣኝ ሲሾም «ስንት ጨዋታ ካሸነፈ ይቆያል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የክልል ስፖርት ቢሮ ኃላፊ ሲሾም «ሜዳው መቼ ፈቃድ ያገኛል?» ብሎ ማን ጠይቆ ያውቃል? እስከዚያው ድረስ ደግሞ መስመሩ ላይ የቆመውን ሰው፣ ስሙ ማንም ይሁን ማን፣ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ማጣሪያ ይዞ እንዲጨርስ መተው አለብን። ይህን ስል መሸነፍን መልመድ አለብን ማለቴ አይደለም። እየተሸነፍን መናደድና ሰውየውን ማቆየት አብረው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው።

ዛሪማ ላይ ያ ጨዋታ አልቆ ሰው ሲበተን፣ ከኋላ የነበረ አንድ ሹፌር አብሮኝ ሻይ ጠጣ። ኅዳር 2012 ዓ.ም. ጭነት ይዞ ባሕር ዳር በገባበት ቀን ስታዲየም ገብቶ ከኮትዲቯር ጋር ያደረግነውን ጨዋታ እንዳየ ነገረኝ። የት ጋ እንደተቀመጠ፣ ፀሐዩ በየት በኩል እንደነበር፣ ጎሉ ሲገባ ከማያውቀው ሰው ጋር እንዴት እንደተቃቀፈ፣ ሲወጣ አንድ ጫማው እንደጠፋበት ሳይቀር አወራኝ። አሰልጣኙ ማን ነበር ብዬ ጠየቅሁት። ብርጭቆውን አስቀምጦ ትንሽ አሰበ። አላስታወሰም።